«ጉብጠት»፣ «ጥምዘዛ» እና «ጊዜ መሰል»፦ ስለ ጥቂት የጂኦሜትሪ ስያሜዎች

ለሒሳብ ፅንሰ ሐሳብ ሙያዊ ቃል ስናወጣ ዓይን የሚያየውን ቅርጽ ተከትለን እንሰይማለን። ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ያሳስታል። ኩርባ መስመሮችንና ገጾችን በካልኩለስ የሚመረምረው ዲፈረንሻል ጂኦሜትሪ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ችግሩን በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ በሚገኙ ሁለት የእጅ ሙያዎች አማካይነት ለማሳየት እንሞክራለን።

በሽሮ ሜዳ የሸማኔ ማግ በቀሰም ላይ ሲጠመጠም ክሩ ሁለት ነገር በአንድነት ይፈጽማል፤ ቀሰሙን ይዞራል፣ በቀሰሙም ርዝመት ወደፊት ይጓዛል። መስመሩ ከቀጥታ አቅጣጫው የሚታጠፍበትን መጠን «ጉብጠት»፣ ከአንድ ጠለል እየወጣ የሚሄድበትን መጠን «ጥምዘዛ» እንበለው። ሁለቱንም «ጥምዘት» ብሎ መጥራት ለተርጓሚ የሚቀል ይመስላል። ነገር ግን ላንክሬ በ1802 እ.ኤ.አ. ያመለከተው ሕግ፣ አንድ ኩርባ ከተወሰነ አቅጣጫ ጋር ምንጊዜም እኩል ዘዌ የሚሠራው የጥምዘዛውና የጉብጠቱ ውድር የማይለወጥ ሲሆን ነው ይላል። ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠራን ሕጉ «የጥምዘት ለጥምዘት ውድር» ሆኖ ትርጉም ያጣል።

ወደ ገጽ ስንሸጋገር የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጀበና ያስተምረናል። የጀበናው ሆድ በሁሉም አቅጣጫ ወደ አንድ ወገን ስለሚጎብጥ ጉብጠቱ አዎንታዊ ነው። አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ ግን ዙሪያው ወደ አንድ ወገን፣ ቁመቱ ወደ ሌላው ስለሚታጠፍ ጉብጠቱ አሉታዊ ይሆናል። ሸማ የሚጠቀለልበት ድብልብል እንጨት ደግሞ ለዓይን የጎበጠ ቢሆንም፣ ሸማው ሳይለጠጥና ሳይጨማደድ ስለሚጠቀለልበት የገጹ ጉብጠት ዜሮ ነው። ጋውስ በ1827 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጠው ይህ መጠን የሚወሰነው በገጹ ላይ በሚለካ ርቀት ብቻ ነው።

ጉብጠቱ በየትኛውም ነጥብ አንድ የሆነ ገጽ፣ ለምሳሌ ሉል፣ «ቋሚ ጉብጠት ያለው» ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ «ቋሚ» ቀጥ ብሎ የቆመውንም ስለሚያመለክት «ኢተለዋዋጭ ጉብጠት» ይሻላል እንላለን።

ከፍተኛው ችግር የሚነሣው የቬክተር ርዝመት ካሬ አዎንታዊ፣ አሉታዊ ወይም ዜሮ ሊሆን በሚችልበት ኅዋ ነው። ሚንኮፍስኪ በ1908 እ.ኤ.አ. ቦታንና ጊዜን ያዋሐደው በዚህ ዓይነቱ ጂኦሜትሪ ነው። በውጭ መጻሕፍት የሚገኙትን ሁለት ስያሜዎች ቃል በቃል ብንመልስ «ከፊል ዩክሊዳዊ» እና «ሐሳዊ ዩክሊዳዊ» እናገኛለን። የመጀመሪያው ኅዋው ለሁለት የተከፈለ ያስመስለዋል፤ ሁለተኛው ሐሳዊ መሲሕን ያስታውሳል። የፅንሰ ሐሳቡ መለያ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች መቀላቀል ስለሆነ «ቅይጥ ምልክት ኅዋ» የሚለውን እናቀርባለን። የርዝመታቸው ካሬ እንደ ጊዜ ምልክቱን የሚይዘውን ቬክተሮችም «ጊዜያዊ» ማለት አይገባም፤ አንባቢ ለጥቂት ጊዜ የሚቆዩ ይመስሉታልና። «ጊዜ መሰል»፣ «ቦታ መሰል» እና «ብርሃን መሰል» ግን ግልጽ ናቸው።

በዚህ ኅዋ የዓይን ፍርድ ይገለበጣል። ከመነሻው በእኩል ጊዜ መሰል ርቀት ላይ ያሉት ነጥቦች የሚሠሩት ገጽ አንዱ ክፍል ገበቴ ይመስላል፤ በኅዋው ልኬት ሲመረመር ግን ጉብጠቱ በሁሉም ነጥብ አንድና አሉታዊ ነው። በእኩል ቦታ መሰል ርቀት ላይ ያሉት የሚሠሩት ገጽ እንደ ጀበና አንገት መካከሉ የጠበበ ነው፤ ጉብጠቱ ግን ኢተለዋዋጭና አዎንታዊ ነው። ሂልበርት በ1901 እ.ኤ.አ. ኢተለዋዋጭ አሉታዊ ጉብጠት ያለው ለስላሳና ምሉዕ ገጽ ባለ ሦስት አውታር በሆነው ዩክሊዳዊ ኅዋ ሊገኝ እንደማይችል አረጋግጦ ነበር። በቅይጥ ምልክት ኅዋ ግን ያ ገበቴ መሰል ገጽ ይህንኑ ያሟላል።

ስለዚህ «ጉብጠት» የሚለውን ቃል መተው አያስፈልግም፤ ፍቺውን ማጥበቅ ግን ያስፈልጋል። መዝገበ ቃላቱ «የጎበጠ ነገር ሁኔታ» ብሎ ቢፈታው ተማሪው በዓይኑ ይፈርድና ይሳሳታል። የገጽ ጉብጠት «በገጹ ላይ በሚለካ ርቀት የሚወሰን ቁጥር» ተብሎ ቢፈታ ግን ቃሉ ለጀበናውም ለቅይጥ ምልክት ኅዋውም እኩል ያገለግላል። ሙያዊ ቃል ከሕዝብ አፍ ሊወሰድ ይገባል፤ ፍቺው ግን ከልኬቱ መምጣት አለበት።