አንድ ለሺህ

በስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቁጥር አለች። ጦርነቱ ሲጀመር ዜሮ ትላለች። ጥቂት ቆይታ 70፣ ከዚያ 400፣ ፍልሚያው ሳያልቅ ደግሞ 1,000 ታልፋለች። የወደቁ ወታደሮች ብዛት ናት። ያን ሁሉ ጭፍራ የጣለው ግን አንድ ሰው ነው፤ ጆይስቲኩን የያዘው።

ይህን የጌም ዓይነት ጃፓኖች ሙሶ ይሉታል፤ አቻ የለሽ እንደማለት ነው። በሌላው ዓለም ዋሪየርስ በሚለው የቤተሰብ ስሙ ይታወቃል። ወገኑ ሀክ ኤንድ ስላሽ ከሚባሉት ነው፤ ተደብቆ ማለፍ፣ እንቆቅልሽ መፍታት ብዙም የለበትም፤ ሥራው በሰይፍ እየጠረጉ ወደፊት መሄድ ነው። የታወቁ ጌሞችና የካርቱን ታሪኮች ባለቤቶች ጀግኖቻቸውን ለዚህ ዘውግ ማዋስ ከጀመሩ ቆይተዋል። ጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዋን ፒስ በ2012፣ ዜልዳ በ2014 ገቡበት፤ በርሰርክ፣ ፋየር ኢምብለምና ፔርሶናም ተከተሉ። አንዱ ቅርንጫፍ በወጣ ቁጥር አፍቃሪዎቹ ሁለት ነገር ይሉለታል፦ እጅግ ያስደስታል፣ እጅግም ይደጋገማል። ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚቀዱትም ከአንድ ምንጭ ይመስለኛል።

ነገሩ የተጀመረው ከመጽሐፍ ነው። ኮኤ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ገና በ1985 «የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ» በተባለው ጥንታዊ የቻይና ልቦለድ ላይ የስትራቴጂ ጌም ሠርቶ ነበር። በ1997 ኦሜጋ ፎርስ የተሰኘው የውስጥ ቡድኑ የዚያኑ ልቦለድ ጀግኖች አንድ ለአንድ የሚያፋልም ዳይነስቲ ዋሪየርስ የሚባል ጌም አወጣ። ለውጡ የመጣው በ2000፣ ፕሌይስቴሽን 2 በወጣበት ዓመት ነው። አዲሱ ማሽን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ማቆም ይችላል። ቡድኑ ሁለቱን ተፋላሚዎች ከጠባቡ መድረክ አውጥቶ ሙሉ የጦር ሜዳ ላይ ለቀቃቸው።

ልቦለዱ ራሱ ይህን ይጠይቅ ነበር። በቻንግባን ውጊያ ዣኦ ዩን የጌታውን ሕፃን ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ የጠላታቸውን የጻኦ ጻኦን ሠራዊት ብቻውን ጥሶ ይወጣል። ዣንግ ፌ ደግሞ ድልድይ ላይ ብቻውን ቆሞ በጩኸቱ ብቻ ጦር ይመልሳል። ፉከራና ሽለላ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የተረቱት ተቆጥረው፣ ጀግናው ራሱን ጠርቶ ሲያቅራራ እናውቃለን። በጌሙም ውስጥ ተዋጊው የጠላት አዛዥ በጣለ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ «የጠላትን አለቃ ጣልኩ!» ብሎ ያውጃል፤ ሠራዊቱም ይበረታል። የመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ከወንበሬ ቀና ብዬ ነበር።

እጅ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። በፕሌይስቴሽኑ ጆይስቲክ ካሬው ቁልፍ ፈጣኑ ምት ነው፤ ሦስት ማዕዘኑ ከባዱ። ምስጢሩ ከባዱን ከስንተኛው ፈጣን ምት በኋላ እንደምትጫነው ላይ ነው። አንዴ ካሬ፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘን፦ ጠላት ወደ ላይ ይነሣል። ሦስቴ ካሬ፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘን፦ ዙሪያህን የከበቡህ ሁሉ እንደ ገለባ ይበተናሉ። በመታህና በተመታህ መጠን አንድ መስመር እየሞላ ይሄዳል፤ ሲሞላ ክቡን ቁልፍ ትጫናለህ፤ ሙሶ የሚባለው ያ ማዕበል ይለቀቃል። ይህን በአሥር ደቂቃ ታውቀዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት 40 ሰዓታትም ይኸው ናቸው።

ድግግሞሹን የወለደው የሠሪዎቹ ስንፍና ብቻ አይደለም። ማሽኑ መቶ ወታደር ስክሪን ላይ ሲያቆም ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ማሰቢያ ትንሽ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ጦራቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ፤ ደፍረው የሚመቱት ጥቂቶች ናቸው። በድሮዎቹ ጌሞች ላይማ ከጉም ውስጥ ድንገት ብቅ ይሉ ነበር። ሕዝብ እንዲበዛ ከተፈለገ እያንዳንዱ ሰው ይቀላል፤ ሰው ካልቀለለ ደግሞ አንድ ለሺህ የሚባል ነገር የለም።

የሌላ ዓለም ጀግኖች ወደዚህ ሜዳ ሲመጡ ግን ቀላሉ ሥራ ሌላ ክብደት ይይዛል። የዜልዳው ቅርንጫፍ የሃይሩል ዋሪየርስ ዝግጅት ሲጀመር የኮኤ ሰዎች ጌሙን ወደ ዜልዳ ለማስጠጋት አስበው ነበር። የዜልዳው አዘጋጅ ኤይጂ አዎኑማ እንደተናገሩት፣ ከዜልዳ ፈጣሪዎች አንዱ የሆኑት ሺጌሩ ሚያሞቶ ይህን ገለበጡት፤ መሠረቱ ዳይነስቲ ዋሪየርስ ይሁን፣ ዜልዳ በላዩ ይጨመርበት አሉ። ትክክል ነበሩ። የዜልዳ አፍቃሪ ዋሻውንና እንቆቅልሹን ከዋናው ጌም ያገኘዋል። ያኔ እዚያ የተነፈገው ሌላ ነበር፦ ልዕልቷን ራሷን ሰይፍ አስይዞ ማዝመት፣ ክፉው ጋኖንዶርፍ ሆኖ መፎከር። በርሰርክማ ገና በመጽሐፉ ጀግናው ጋትስ አንድ መቶ ሰው በአንድ ሌሊት የሚገጥምበት ታሪክ ስላለው፣ ለሙሶ የተጻፈ ይመስላል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው በ2020 የወጣውን ሌላውን የዜልዳ ቅርንጫፍ፣ ኤጅ ኦፍ ካላሚቲን ነው። ታሪኩ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ የተባለው ዋናው የዜልዳ ጌም ከሚጀምርበት 100 ዓመት በፊት የሆነ ነው። በዋናው ጌም ዞራ የተባሉትን የውኃ ሕዝቦች ልዕልት ሚፋን የምናገኛት ሞታ፣ መንፈሷ ብቻ ቀርቶ ነው፤ ትንሽ ወንድሟ ሲዶን አድጎ፣ ጎልምሶ፣ ዛሬም ያዝንላታል። በቅርንጫፉ ግን ሚፋ በሕይወት አለች፤ አንተ ነህ የምታዋጋት። ጦሯን ይዛ ከውኃ ውስጥ ብቅ ስትል፣ ያው ካሬና ሦስት ማዕዘን ዓይነት ነገር ነው፤ ግን ይህች ልጅ ምን እንደሚጠብቃት ስለምታውቅ እጅህ ይጠነክራል። በኋላ ጊዜ ተሰንጥቆ ጎልማሳው ሲዶን በመሞቻዋ ሰዓት ሲደርስላት፣ እኔ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ብዙ አፍቃሪዎች በዚህ ቅር ተሰኝተዋል፤ የሚያውቁትን አሳዛኝ ፍጻሜ ጠብቀው ስለነበር። ቅሬታቸው ይገባኛል። ቢሆንም ወንድም እህቱን ሲያድን ማየቴን በምንም አልለውጠውም። ጌሙ በወጣ በቀናት ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሰራጭቷል፤ ከሙሶ ጌሞች እስከዚያን ጊዜ ይህን ያህል የደረሰ አልነበረም።

ድግግሞሹ የሚጎዳው ፍቅሩ ሲያልቅ ሥራው ከቀጠለ ነው። የመጀመሪያው ሃይሩል ዋሪየርስ በጥንታዊው የዜልዳ ካርታ አምሳል የተሠራ 128 ካሬ ያለው ሰሌዳ አለው፤ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ውጊያ ነው። ሠላሳውን በደስታ ተጫወትኩ። ከዚያ ወዲህ ያው ምሽግ፣ ያው አዛዥ፣ ያው ለመሣሪያ ማጠንከሪያ የሚሰበሰብ ኮተት ሆነብኝ። እዚህ ላይ ሠሪዎቹን እወቅሳለሁ፤ የታሪኩን ጠብታ በሰፊ ሜዳ ላይ አፍስሰው ውኃ አድርገውታል። አፍቃሪ ስለሚወድ ብቻ ሁሉን ይታገሣል ብሎ ማሰብ አፍቃሪውን መናቅ ነው።

እንዲህ ሳይሆን መሥራት እንደሚቻል ፔርሶና 5 ስትራይከርስ አሳይቷል። ዋናው ፔርሶና 5 ተራ በተራ የሚመታቱበት፣ ለማሰብ ጊዜ የሚሰጥ ጌም ነው። ኦሜጋ ፎርስ ከፔርሶና ባለቤት ከአትለስ ጋር ሆኖ ያን ወደ ሰይፍ ፍልሚያ ሲለውጠው ማሰቡን አልጣለውም፤ ፔርሶናህን፣ ማለትም አብሮህ የሚዋጋውን መንፈስ፣ ስትጠራ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል፣ አስማትህን መርጠህ ስትጨርስ ውጊያው ይቀጥላል። ታሪኩም ጓደኛሞቹ በመኪና ጃፓንን እየዞሩ የሚያሳልፉት አንድ ክረምት ነው፤ ከውጊያ ወጥተህ አብረሃቸው ምግብ ታበስላለህ። እንዲህ ሲሆን ወደ ሰይፉ ስትመለስ ናፍቀኸው ነው።

ለጀማሪ ግን የምመክረው ከቅርንጫፎቹ ይልቅ ግንዱን ዳይነስቲ ዋሪየርስን፣ በተለይም የሁላኦ በርን ውጊያ ነው። ከበሩ ፊት ሉ ቡ የሚባለው ተዋጊ በቀዩ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እሱ ብቅ ሲል ሙዚቃው ይለወጣል፣ የራስህ ወታደሮች ይሸበራሉ፣ አትጠጉት የሚል ማስጠንቀቂያም ይመጣል። መጀመሪያ ቀን አልሰማሁም፤ በሦስት ምት ጣለኝ። በማግሥቱ ዞሬው አለፍኩ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሜዳዎች እየተመለስኩ ለሳምንታት ያንኑ ካሬ፣ ያንኑ ሦስት ማዕዘን ደጋገምኩ፤ የዣኦ ዩን ጦርም በየውጊያው ጥቂት በጥቂት እየበረታ መጣ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ በሩ ተመለስኩ። ሙዚቃው ተለወጠ። ፈረሱ መጣ። አልሸሸሁም፤ ካሬ፣ ካሬ፣ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን። ሉ ቡ ተንበረከከ፣ ቁጥሯ በአንድ ጨመረች፣ ዣኦ ዩንም ጦሩን ከፍ አድርጎ የጠላትን አለቃ እንደጣለ አወጀ።