አዕማደ ሰሎሞን በቲምና በረሓ

በእስራኤል ደቡብ ጫፍ በቀይ ባሕር ዳር ከምትገኘው ከኤላት ከተማ ተነሥቶ በዐረባ ሸለቆ ወደ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ በስተግራው በኩል፣ በሦስት ወገን በገደል ታጥሮ ወደ ምሥራቅ ብቻ የተከፈተ ሰፊ ቆላ ያገኛል፤ ይህም ለጎብኚ የተከለለው የቲምና ፓርክ ነው። ዝናሙ በዓመት ከ30 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይዘል፣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ምድር እንደ መሆኑ መጠን፣ ከጥቂት ግራሮች በቀር ዓይን የሚያርፍበት ልምላሜ የለውም፤ ነገር ግን ልምላሜ የነፈገው ፈጣሪ በኅብረ ቀለም ክሶታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ኅብረ ቀለም ምክንያት ረቂቅ ምሥጢር አይደለም። በጥንተ ዘመን ወንዝና ባሕር እየተፈራረቁ ያነጠፉት አሸዋ፣ በላዩ በተጫነው ደለል ክብደት ተጠቅጥቆ፣ በመካከሉ የሰረገው ውሃ ባስቀረው ማዕድን ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ፤ ማዕድኑም በአብዛኛው ብረት ስለ ነበረ፣ ዝገቱ እንደ መጠኑና እንደ ዐይነቱ አንዱን ንብርብር ቀይ፣ አንዱን ቢጫ፣ ሌላውንም ወይን ጠጅ አደረገው፤ ብረት የራቀው አሸዋ ደግሞ ነጭ ሆኖ ቀረ። በነጩ ድንጋይ ውስጥ አረንጓዴ ነቁጦችን ያየ ሰው ግን አቅልሎ አይለፋቸው፤ መዳብ ናቸውና፣ የሰው ልጅ ወደዚህ ምድረ በዳ የመጣው እነሱን ፍለጋ ነው።

የዐረባ ስንጥቅ ከሙት ባሕር ወርዶ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ከቀይ ባሕር ጋር ይያያዛል፤ ቀይ ባሕርም በአፋር በኩል ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ጋር ስለሚገናኝ፣ በአዋሽ ቆላ ያደገ ሰው በዚህ አገር ፍጹም እንግዳ ነኝ ሊል አይችልም።

ጎብኚ ከሁሉ ይልቅ የሚጓጓለት ግን አዕማደ ሰሎሞን ነው። ቀያዮቹ አዕማድ በገደሉ ፊት ጎን ለጎን ተሰልፈው ሲታዩ፣ የሰው እጅ ያላነጻቸው መሆናቸውን ለማመን ያስቸግራል። ጠራቢያቸው ውሃ ነው፤ ምድር በተናወጠች ጊዜ ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚወርደውም የበረሓ ዶፍ በስንጥቁ እየገባ በብዙ ሺህ ዘመን ሠርሥሮ አሰፋው። ከዚያ ራቅ ብሎ የቆመው እንጉዳይ መሳይ ድንጋይም አናቱ ጠንካራ፣ አንገቱ ልል ስለ ሆነ ነው አንገቱ ቀድሞ የተበላው።

የሳባንና የሰሎሞንን ነገር ከክብረ ነገሥት ተቀብሎ ላደገ የአገራችን አንባቢ ስሙ ልብ የሚያሞቅ ቢሆንም፣ መጽሐፈ ነገሥት ንጉሡ በኤላት አጠገብ በዔጽዮን ጋብር መርከብ እንዳሠራ ይነግረናል እንጂ ስለ ቲምና መዳብ አንዲት ቃል አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ሊቅ ኔልሰን ግሉክ ማዕድኑን ያስቆፈረው ሰሎሞን ነው ብሎ ተናገረ፤ ብዙ ሰውም ደስ ብሎት ተቀበለው። በ1969 ቤኖ ሮተንበርግ፣ ግብጻውያን ሐቶር ለምትባል ጣዖታቸው የሠሩትን መቅደስ ከአዕማዱ እግር ሥር ቆፍሮ ባወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከሰሎሞን 200 ዓመት ያህል የሚቀድመው ራምሴስ ሣልሳዊም ለሐቶር መባ ሲያቀርብ በገደሉ ላይ ተቀርጾ ተገኘ። ከግብጻውያን በኋላ ምድያማውያን መቅደሱን በድንኳን ሸፍነው የራሳቸው አደረጉት፤ ከስንዝር የሚያንስ፣ ራሱ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ እባብም ከዚያ ወጥቷል፤ ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን እባብ የሚያስታውስ አንባቢ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

በቅርቡ ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ኤሬዝ ቤን ዮሴፍና ባልደረቦቹ “የባሪያዎች ኮረብታ” ከሚባለው ስፍራ ያወጡት ከሰልና የተምር ፍሬ ሲመረመር፣ ትልቁ የማቅለጥ ሥራ የተካሄደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት፣ ማለትም በዳዊትና በሰሎሞን ዘመን መሆኑ ታወቀ። እንዲህም ሆኖ ሥራው የኤዶማውያን ሳይሆን እንደማይቀር ነው ተመራማሪዎቹ የሚናገሩት፤ በእኔ አስተያየት የሰሎሞን ስም በዘመኑ እንጂ በባለቤትነቱ የሚጸና አይደለም።

ባሪያ የተባሉትም ባሪያዎች አልነበሩም። አየሩ ፍጹም ደረቅ በመሆኑ የ3,000 ዓመት የአህያ ፋንድያ ሳይበሰብስ ተገኝቶ ቢመረመር፣ አህዮቹ ከሩቅ ከሜዲትራኒያን ወገን የመጣ ድርቆሽና የወይን ጭማቂ አሰር ይበሉ እንደ ነበር ታየ፤ ለአቅላጮቹም መልካም ሥጋና ከዚያው ባሕር የተጓዘ ዓሣ ይቀርብላቸው ነበር። በ2021 ይፋ የሆነው ከባሕር ቀንድ አውጣ በተገኘ ቀለም የተነከረ ሐምራዊ ጨርቅ ደግሞ በመካከላቸው የነገሥታት ልብስ የሚለብስ ሰው እንደ ነበረ ያስረዳል። በወናፍ ነፍቶ፣ የግራር ከሰል አንድዶ፣ እሳቱን ከ1,100 ዲግሪ በላይ አድርሶ ከድንጋይ መዳብ የሚያወጣ ሰው በዚያ ዘመን የከበረ ነበር፤ ባለእጅን ሲንቅ የኖረው የእኛ ኅብረተሰብ ይህን ልብ ቢለው መልካም ነው።

መሄድ ለሚሻ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በማለዳ ይግባ፣ ውሃ በብዛት ይያዝ፣ ጠንካራ ጫማም ያድርግ። በሰው እጅ የተሠራው ኩሬና ሕፃናት ባለቀለም አሸዋ በጠርሙስ የሚሞሉበት ስፍራ ቢቀርበት አይጎዳም፤ የጥንቶቹን የመዳብ ጉድጓዶች ሳያይ መመለስ ግን ትልቅ ጉድለት ነው። ራምሴስስ ምስሉን አስቀርጾ የለም ወይ በማለት በለስላሳው ድንጋይ ላይ ስሙን ሊጭር የሚቃጣው አይጠፋምና፣ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ሥራ እጅዎን እንዲሰበስቡ፣ ልጆችዎንም እንዲከለክሉ አደራ እላለሁ።