ጋፋትን ፍለጋ

ስልክዎ ላይ «ደብረ ታቦር» ብለው ቢጽፉ መፈለጊያው የሚያገኘው ስም ባለቤቱ ብዙ ነው። ነሐሴ 13 የሚከበረው በዓል አለ፤ በዓሉ ስሙን የወሰደበት የገሊላ ተራራ አለ፤ ጉናን የተጎራበተችው የደቡብ ጎንደር ከተማም አለች። «ጋፋት»ም እንደዚያው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ስፍራ ጋፋት ነው፤ ጎጃም ውስጥ ይነገር የነበረውና ዛሬ ተናጋሪ የሌለው ቋንቋም ጋፋት ነው። ታዲያ የትኛው ገጽ ይቅደም?

መፈለጊያው መጀመሪያ የሚያየው ተዛማጅነትን ነው፦ ቃሉ ገጹ ላይ ስንት ጊዜ ተጻፈ፣ ርዕሱ ላይ አለ ወይ፣ በሌሎች ገጾችስ ምን ያህል ብርቅ ነው? «ከተማ» የትም ስለሚገኝ ሚዛን አይደፋም፤ «ሴባስቶፖል» ይደፋል። እዚህ ላይ አማርኛ ማሽኑን ክፉኛ ይፈትነዋል። «የጋፋት»፣ «በጋፋት»፣ «ከጋፋት» ለእኛ አንድ ስም ናቸው፤ ማሽኑ ከፊት ያለችውን ፊደል ነጥሎ ማየት ካልተማረ ግን ሦስት ባዕድ ቃላት ይሆኑበታል። «ነሐሴ»ን «ነሃሴ» ብሎ የጻፈ፣ «ደብረታቦር» ብሎ የገጠመም ከፍለጋው ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ዝና ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳወቁት ፔጅራንክ፣ ከገጽ ወደ ገጽ የሚወስደውን ሊንክ እንደ ምስክርነት ይቆጥረዋል። ፋርጣ ውስጥ የድንች ዘር የሚፈልግ ገበሬ «እገሌ ዘንድ ሂድ» ያሉትን ሰዎች ብዛት ብቻ አይቆጥርም፤ ማን እንዳለውም ያያል። ያገኘውን ሁሉ የሚያመሰግን ሰው ደግሞ ቃሉ ይቀላል። ፔጅራንክም የአንድን ገጽ ክብደት ከገጹ ለሚወጡት ሊንኮች ሁሉ ያካፍለዋል።

ጭንቁ ሁለቱን ማዋሃዱ ነው። ስለ ጋፋት የመድፍ ሥራ በጥልቀት የተጻፈ ገጽ በተዛማጅነት 0.9፣ በዝና 0.2 አገኘ እንበል። ጋፋትን አንዴ ብቻ የሚያነሳ ታዋቂ የጉብኝት ገጽ ደግሞ 0.4 እና 0.9 ያግኝ። ዝም ብለን ብንደምር 1.1 ለ1.3፣ ብናባዛም 0.18 ለ0.36 ይሆንና ታዋቂው ያሸንፋል። ለተዛማጅነት ሦስት አራተኛውን ድርሻ ብንሰጥ ግን ውጤቱ 0.725 ለ0.525 ሆኖ አዋቂው ይቀድማል። በዚያ ላይ የሊንክ ብዛት እንዳለ አይወሰድም፤ በሎጋሪዝም ይታመቃል። በ10 እና በ1,000,000 መካከል ያለው የመቶ ሺህ እጥፍ ልዩነት ስድስት እጥፍ ብቻ ይሆናል።

በአማርኛ ገጾች መካከል ሊንክ ብዙ ስለማይዘረጋ፣ ለእኛ ጥያቄ የተዛማጅነት ድርሻ ከፍ ማለት አለበት ብዬ አምናለሁ። ጠያቂውም ማገዝ ይችላል። «ጋፋት» ብቻ ከማለት «ጋፋት ሴባስቶፖል» ብሎ ቢጽፍ የቋንቋው ገጾች ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ዝናም የሚያወዳድረው ስለ መድፉ የተጻፉትን ገጾች እርስ በርስ ይሆናል።