ወንበር ከመሸጥ አስቀድሞ የሰውን ሥራ ስለ ማወቅ

አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ዕቃ በመሸጥ ኑሮውን ለማቅናት ያሰበ እንደ ሆነ፣ ብዙ ሰዎች የሚመክሩት ንግግሩን እንዲያሳምርና የዋጋውን ዝርዝር በቃሉ እንዲያጠና ነው። ምክሩ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ወንበር መሸጥና ለአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሦስት መቶ ወንበር መሸጥ እጅግ የተለያየ ሥራ ነው። ለቤቱ የሚገዛ ሰው በገዛው ወንበር ራሱ ይቀመጥበታል፤ ለመሥሪያ ቤት የሚገዛው ሹም ግን አብዛኛውን የሚገዛው ለሌሎች ነው። ስለዚህ ሻጩ ገንዘቡን ከሚከፍለው ጋራ በዕቃው የሚሠሩበትን ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ጭምር ሊያውቅ ይገባዋል። የዚህን ነገር እውነትነት የሚያስረዳ የአንዲት ሴት ታሪክ በአሜሪካ አገር ይገኛልና፣ ለቤተሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ ባጭሩ እንጽፈዋለን። የዓመቶቹ ቁጥር ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ወይዘሮ ፍሎረንስ ኖል በ1917 በሚሺጋን ግዛት በሳጊኖ ከተማ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አባትና እናታቸው ስለ ሞቱባቸው፣ አሳዳጊያቸው ክራንብሩክ በሚባለው ስፍራ ወዳለው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስገቧቸው። በዚያም የሕንፃ ንድፍ ፍቅር አደረባቸው፤ የፊንላንድ ተወላጅ የሆኑት ታላቁ አርክቴክት ኤሊኤል ሳሪነንም እንደ ልጃቸው አድርገው ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ በሎንዶንና በቺካጎ ተምረው በ1941 ተመረቁ። በቺካጎ ያስተማሯቸው ስመ ጥሩው ሚስ ቫን ደር ሮህ ነበሩ።

ሃንስ ኖል የሚባሉ፣ አባታቸው በጀርመን አገር የቤት ዕቃ ሠሪ የነበሩ ሰው በ1938 በኒውዮርክ ከተማ የዕቃ ንግድ አቋቁመው ነበር። ፍሎረንስ በ1943 ከዚህ ድርጅት ገቡ፤ በ1946ም ሁለቱ ተጋቡ። ባል ደንበኛን በማግኘትና በማግባባት፣ ሚስትም በንድፍ ሥራውን ተከፋፈሉት።

ወይዘሮ ፍሎረንስ በድርጅቱ ውስጥ የእቅድ ክፍል አቋቋሙ። የዚህ ክፍል ሠራተኞች ወደ ደንበኛው መሥሪያ ቤት በሄዱ ጊዜ የዕቃውን ሥዕል ከመዘርጋት አስቀድመው ይጠይቁ ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን ምን ይሠራል? ከማን ጋራ ይገናኛል? ወረቀቱንስ ወዴት ያስቀምጣል? ይህን ከመረመሩ በኋላ የክፍሉን አቀማመጥ በወረቀት ነድፈው፣ የጨርቁንና የእንጨቱን ቁራጭ በላዩ ለጥፈው ያሳያሉ። ደንበኛውም ገንዘቡን ሳያወጣ የሚገዛውን ነገር በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ይወስናል።

ከዚህ ልማድ ምን እንደ ተገኘ አንድ ምሳሌ ብንጠቅስ፣ በዚያ ዘመን የአለቃው ጠረጴዛ በክፍሉ ማዕዘን በሰያፍ ይቀመጥ ነበር፤ ከበስተ ኋላውም ሌላ ጠረጴዛ ይደረግ ነበር። እርሳቸው ግን ጠረጴዛውን ከግድግዳው ጋራ በቀጥታ አስተካክለው፣ ለወረቀቱ ዝቅ ያለ ቁም ሣጥን በስተ ኋላ አደረጉለት።

በ1955 ሃንስ ኖል በኩባ አገር በአውቶሞቢል አደጋ ሞቱ። ድርጅቱ በባልየው አንደበት ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ ከእርሳቸው ጋራ በተቀበረ ነበር። ነገር ግን ሥራው በምርመራና በሥርዓት የተመሠረተ ነበርና፣ መበለቲቱ የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ተረክበው አስቀጠሉት። በ1959 ድርጅቱ ለሌላ ኩባንያ ከተሸጠ በኋላም እስከ 1965 ድረስ የንድፉን ሥራ መርተዋል። በኒውዮርክ ለሲቢኤስ የራዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ የተሠራውን ረጅም ሕንፃ ውስጡን ያሰናዱት በዚሁ ዘመን ነው። የ2002 የአሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሜዳይ ተሸልመው፣ በ2019 በ101 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ በዚህ ሙያ ለመሰማራት የሚያስብ ወንድ ወይም ሴት አስቀድሞ የሕንፃ ፕላን ማንበብንና ክፍል መለካትን ይማር። ጠረጴዛው በደረጃውና በበሩ የማያልፍ ከሆነ፣ ያማረ ንግግር አያሳልፈውም። እንጨቱ፣ ብረቱና ጨርቁ ምን ያህል አገልግሎት እንደሚችሉ ይወቅ፤ ሊፈጽመው የማይችለውን የማስረከቢያ ቀን ተስፋ አይስጥ። የመሥሪያ ቤት ግዢ ከብዙ ሹማምንት ምክር በኋላ የሚቈረጥ ስለሆነ፣ ወራት ቢፈጅ አይሰልች። ለደንበኛው የማይስማማውን ዕቃ «ይህ ለእርስዎ ሥራ አይሆንም» ብሎ መንገርን አይፍራ፤ የዛሬው ዋጋ ቢቀርበት ለነገ እምነት ያተርፋል። ዕቃው ገብቶ ሒሳቡ ከተከፈለ በኋላም ተመልሶ ሠራተኞቹ እንዴት እንደ ተቀመጡ ይጠይቅ። ሁለተኛው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ ጉብኝት ነው።

ወላጆችም ልጃቸው የሻጭነትን ሥራ ቢመርጥ ሙያውን በመናቅ አይከልክሉት። ይልቁንም አጥርቶ እንዲጠይቅ፣ ታግሦም እንዲያዳምጥ ከቤት ጀምረው ያስለምዱት።