ዝናር ሲገዛ ቆዳው ብቻ አይታይም
የወሎ ቆዳ ስሙ ቢገንም የዕቃውን ዕድሜ የሚወስኑት ልክ፣ ስፌትና ዘለበት ናቸው

በደሴና በኮምቦልቻ ዝናር የሚፈልገው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። የጥበቃ ሠራተኛው የመሣሪያውን ካዝና ይይዝበታል። የባህል ቡድን አባል ለሽለላና ለፉከራ ይታጠቀዋል። የአድዋ በዓል ሲደርስ ደግሞ የአያቶቹን ልብስ ለብሶ አደባባይ የሚወጣው ሰው በባዶ ቀለህ የተሞላ ዝናር ትከሻው ላይ ያጋድማል። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ተመሳሳይ ነው፤ ቆዳው እውነተኛ ነው ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እዚያው ላይ የሚያቆም ገዢ ብሩን ለማይበረክት ዕቃ ሊያወጣ ይችላል። የዝናር ኪስ ቶሎ የሚበላሸው በአብዛኛው ቆዳው ሳይቀደድ፣ ክሩ ሲበጠስ ወይም መዝጊያው ሲለቅ ነውና።

ልኩ ይቀድማል

የድሮው ዝናር የተሠራው ጥይትን አንድ በአንድ ለመሰካት ነበር። በዚያ ዘመን አገር ውስጥ የነበሩት ጠመንጃዎች ልካቸው የተለያየ ነው። የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን የለበን 8 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ለአንዱ የተሰፋ ዝናር ለሌላው አይሆንም፤ ወይ ጥይቱ ይወድቃል፣ ወይ አልገባም ይላል። ዛሬ ለበዓል አሮጌ ዝናር የሚገዛ ሰው ያለውን ቀለህ ይዞ ሄዶ መለካት የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው።

ክላሽንኮቭ ከመጣ በኋላ የዝናር ቅርጽ ተለወጠ። ጥይቱ 30 በሚይዝ ቆልማማ ካዝና (ካርታም ይባላል) ውስጥ ስለሚገባ የጥይት ቀዳዳው ቀርቶ ሰፊ ኪስ መጣ። በቻይና ከጥጥ ሸራ የተሠራውና ደረት ላይ የሚታሰረው ባለሦስት ኪስ ዝናር በብዙ የዓለም ክፍል የታወቀው ያኔ ነው። ጥይት የሞላ የብረት ካዝና ከ800 ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ ሦስቱ ሲደመሩ ወደ 2 ኪሎ ተኩል ይደርሳሉ። ይህን ክብደት ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ማንገቻው ነው። ቀጭን ማንገቻ ትከሻ ይቆርጣል፤ ስፌቱንም ቶሎ ይበላዋል።

ኪሱ በጣም ከሰፋ ካዝናው ሲሄዱ ይንኳኳል፤ ከጠበበ በአንድ እጅ አይወጣም። ዕቃው ገብቶ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ዝናሩን ዘቅዝቆ መነቅነቅ ቀላሉ ፈተና ነው። ካልወደቀና በአንድ እጅ ከወጣ ልኩ ደህና ነው። ፈተናው የሚደረገው በባዶ ካዝና መሆን አለበት። ዝናሩ ዕቃ ነው፤ መሣሪያውን መያዝ ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል።

ቆዳ ወይስ ሸራ?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ብርድና ጭጋግ አያጣትም። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሞቃት ናት። ይህ ልዩነት በዝናር ምርጫ ላይ ይታያል። ቆዳ በደሴ ክረምት እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታል፣ ካልተቀባም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሸራ ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን የጥጥ ሸራ ርሶ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይበሰብሳል። ናይለን አይበሰብስም፤ ብዙ ፀሐይ ግን ያደክመዋል። ከየትኛውም ቢሠራ የኪሱ ታች ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ቢኖረው ይመረጣል።

ቆዳ ሌላም ጠባይ አለው። በዛፍ ልጣጭ የለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው አሲድ ናስን ይነካል። ቀለህ ለወራት ዝናሩ ላይ ተሰክቶ ሲቆይ አረንጓዴ ዝገት የሚያወጣው ከዚህ የተነሳ ነው። መፍትሔው ከበዓል በኋላ ቀለሁን አውጥቶ ዝናሩን ለብቻው ማስቀመጥ ነው።

የቆዳውም ዓይነት ይለያያል። ለወገቡ ቀበቶ የሚሆነው ወፍራም የበሬ ቆዳ ነው። የበግ ቆዳ ለስላሳና ቀጭን ስለሆነ ለጓንት እንጂ ክብደት ለሚይዝ ኪስ አይመችም። የፍየል ቆዳ ግን ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። በዓለም የቆዳ ንግድ «ባቲ ጀኒዩን» የሚባለው የፍየል ቆዳ ስሙን ያገኘው ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ካለችውና በሰኞ ገበያዋ ከምትታወቀው ባቲ ነው። ሆኖም የባቲ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በቅማልና በመዥገር መሰል ተባይ የሚመጣው እከክ በእንስሳው ላይ ሳለ በፀጉር ይሸፈናል፤ ቆዳው ሲለፋ ግን ነጠብጣብና ጉብታ ሆኖ ይወጣል። ገዢው የቆዳውን ፊት በብርሃን፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቱ ቢያይ ይጠቀማል። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ የተጠላለፈ ጭረት ያሳያል፤ ሰው ሠራሹ ከሥሩ የተለጠፈ ጨርቅ ይታይበታል።

ክር፣ ክዳንና ዘለበት

የስፌት ብዛት ጥንካሬ የሚመስላቸው ገዢዎች አሉ። በቆዳ ላይ ግን በጣም የተቀራረበ የወስፌ ቀዳዳ እንደ ቴምብር ጠርዝ መቀደጃ መንገድ ይከፍታል። የሚበጀው መጠነኛ ርቀት ያለው፣ በማዕዘኖቹ ላይ የተደገመ ስፌት ነው። ክሩ ናይለን ከሆነ ከጥጥ ይልቅ እርጥበት ይችላል።

ክዳኑን የሚዘጋው ነገርም ይመረመራል። ቬልክሮ ፈጣን ነው፤ ጭቃና ገለባ ሲገባበት ግን መያዝ ያቆማል፣ ሲከፈትም ይጮኻል። ተጫኝ የብረት ቁልፍ ጥሩ ነው፤ ቆዳው ውስጥ ደጋፊ ካልተደረገለት ግን ተነቅሎ ይወጣል። የቆዳ ጠፍር በእንጨት ቁልፍ ላይ የሚጠለፍበት የድሮው ዘዴ ዘገምተኛ ቢሆንም ሲበላሽ ቤት ውስጥ ይጠገናል።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

አገር ውስጥ በሚሰፋ ዝናር ላይ ቆዳው የአገር ውስጥ ቢሆንም ዘለበቱ፣ ተጫኝ ቁልፉና ናይለን ክሩ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። የዘለበት ዋጋ የሚንረው በዚህ በኩል ነው። ሰፊው ወጪ ለመቀነስ ሲል የሚያሳንሰውም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። ገዢው ቆዳውን እያሸተተ ዘለበቱን ሳያይ ያልፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ዝናር ዋጋው የሌላው እጥፍ ሆኖ ሦስት እጥፍ ከበረከተ፣ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚከፈለው ገንዘብ በአንድ ሦስተኛ ያንሳል። ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ለሚገዛ የጥበቃ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ከጨዋታ ሜዳ የሚገኝ ትምህርት

በውጭው ዓለም ዝናር የመዝናኛ ገበያም ሆኗል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ የተጀመረው ኤርሶፍት የተባለው ጨዋታ 6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ጥይት በሚተፉ አምሳያ መሣሪያዎች የሚካሄድ ነው። ተጫዋቾቹ የካዝና ኪስ በየዓይነቱ ይገዛሉ። ከየትኛውም ፋብሪካ ቢገዙ ኪሱ በልብሳቸው ላይ ይገጥማል። የአሜሪካ ጦር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ሥርዓት የማሰሪያ ጥብጣቡን ስፋት አንድ ኢንች፣ በመካከል ያለውንም ክፍተት አንድ ኢንች አድርጎ ወስኖታልና። አንድ ልክ ስለተወሰነ ትንሹም አምራች ለማያውቀው ገዢ መስፋት ችሏል።

የደሴ ቆዳ ሰፊ ደግሞ በትዕዛዝና በገዢው ልክ ሲሰፋ ለሰውየው ይስማማል፤ ደርዘን ሠርቶ ሩቅ ለመላክ ግን ያስቸግራል። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በለፋ ቆዳ ላይ እስከ 150 በመቶ የሚደርስ የወጪ ንግድ ቀረጥ የጣለው ቆዳው አገር ውስጥ ዕቃ ሆኖ እንዲወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የጥሬ ቆዳ ዋጋ ወድቆ በበዓላት ማግስት የበግ ቆዳ መንገድ ላይ ሲጣል ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ ደግሞ በአካባቢው ያሉ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ቆዳ ማልፋቱም ቢሆን ዋጋ ላይ የማይጻፍ ወጪ አለው፤ በኮምቦልቻው የለዮሌ ወንዝ ውስጥ ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣ ክሮሚየም በጥናት ተለክቷል።

ስሙ በዓለም ገበያ የተጠራ ቆዳ ያለው አካባቢ በዘለበትና በክር ምክንያት ገዢ ሲያጣ ጉዳቱ ከሰፊው አልፎ ፍየል አርቢው ድረስ ይወርዳል። ገዢው ገበያ ሲወጣ ቆዳውን ካየ በኋላ ዘለበቱን ቢስብ፣ ክሩን ቢቆጥር፣ ዝናሩንም ዘቅዝቆ ቢነቀንቅ ለራሱ ይበጀዋል። ደህና አድርጎ የሰፋውም የልፋቱን ዋጋ የሚያገኘው እንዲህ ያለ ገዢ ሲበረክት ነው።