ናሱን በልኩ መጭመቅ፦ የቀለሃ አንገት አስተራረም

የጠመንጃ ጥይት የአራት ነገሮች ስብስብ ነው፦ ወደ ዒላማው የሚበረው አረር፣ አረሩን የሚገፋው ባሩድ፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ከግርጌ የተቀበረ ትንሽ ቆብ እና ሦስቱን አቅፎ የሚይዘው ቀለሃ። ከተኩሱ በኋላ አረሩ ሄዷል፣ ባሩዱ ነዷል፣ ቆቡም ሥራውን ጨርሷል። ቀለሃው ግን ይቀራል። በአሜሪካ ብዙ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች ይህን ቀለሃ ሰብስበው፣ አጽድተውና አዲስ ቆብ፣ ባሩድና አረር ሰጥተው ደግመው ይተኩሱታል። በዚህ ሥራ ውስጥ ጥይቱ ዒላማውን በትክክል እንዲመታ ለሚፈልግ ሰው ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የቀለሃው አንገት ነው።

ባለ አንገት ቀለሃ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ፣ ማለትም የፈረንሳዩ የ1874 ሞዴል፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር አረሩን የሚተኩሰው ከእንዲህ ዓይነቱ የናስ ቀለሃ ነበር። ሰፊው ገላ ባሩዱን ይይዛል፤ ትከሻው ላይ ይጠብና ቀጭኑ አንገት አረሩን ጨብጦ ያቆያል።

ዛሬ በሰፊው ከሚታወቁት መካከል እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣውን .308 ዊንቸስተር እንውሰድ። የአረሩ ውፍረት 7.82 ሚሊ ሜትር ነው፤ የያዘው አንገት ርዝመት ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ምላጩ ሲሳብ በቀለሃው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ከሺህ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ግፊት ናሱ ይነፋና ከጠመንጃው ማጉረሻ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ እንዳያፈተልክ የሚከለክለው ይህ መነፋት ነው፤ አረሩንም የሚለቀው አንገቱ ሲከፈት ነው። ግፊቱ ሲወርድ ናሱ በጥቂቱ ይሰበሰባል፣ ቀለሃውም ይወጣል። አንገቱ ግን ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም። አዲስ አረር ቢከቱበት ሾልኮ ይወድቃል እንጂ አይያዝም፤ ስለዚህ መልሶ መጥበብ አለበት።

ምን ያህል? የተለመደው ልክ የአንገቱ ውስጠኛ ስፋት ከአረሩ ውፍረት ከ0.025 እስከ 0.075 ሚሊ ሜትር እንዲያንስ ማድረግ ነው። ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው። ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ሲሆን፣ በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር ይደድራል፤ የደደረ አንገት አረሩን እኩል አይዝም፣ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ የሚፈልገውን ልክ የሚያገኘው ናሱን በተቻለ መጠን በትንሹ በማንቀሳቀስ ነው።

ቀለሃው ተገፍቶ ሲገባበት በሚጨምቀው የብረት ቅርጽ፣ በተለመደው ዳይ፣ ይህ አይሆንም። ዳዩ ወፍራምም ቀጭንም አንገት እንዲያስተናግድ ስለሚሠራ አንገቱን ከሚገባው በላይ ያጠብበዋል፤ ከዚያ በመሃሉ ያለው የብረት እንክብል ሲወጣ መልሶ ያሰፋዋል። ናሱ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይለፋል። የአንገቱ ውስጥ በቅባት ካልለሰለሰ ደግሞ እንክብሉ ሲጎተት አንገቱን ሊያጣምመው ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ባለ ቀለበት ዳይ ነው። ቀለበቶቹ በኢንች አንድ ሺህኛ እየተለያዩ ስለሚሸጡ ተኳሹ ለቀለሃው የሚስማማውን ይመርጣል። አረር የገባበትን አንገት ከውጭ ለክቶ 0.336 ኢንች ካገኘ፣ ሁለት ሺህኛ ቀንሶ የ0.334 ቀለበት ያስገባል። ሦስተኛው በሪቻርድ ሊ ኩባንያ የታወቀው ዳይ ነው፤ የተሰነጣጠቁ ጣቶቹ አንገቱን ከውጭ ይዘው በመሃል ባለ ዘንግ ላይ ይጫኑታል። ቅባት አይፈልግም፤ የውስጡንም ስፋት የሚወስነው ዘንጉ ነው።

ቀለበት ከውጭ ስለሚጫን ግድግዳው አንድ ወገን ወፍራም ከሆነ ጉድለቱ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ አረሩም ከመሃል መስመር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሉዊስ ፓልሚሳኖ እና ፌሪስ ፒንዴል ባወጡት 6 ሚሊ ሜትር ፒፒሲ ጥይት የሚወዳደሩ ተኳሾች ለዚህ ሲሉ አንገቱን ከውጭ ይልጉታል። የብዙዎቹ ማጉረሻ በአንገቱ በኩል 0.262 ኢንች ብቻ ስለሆነ ያልተላገ ቀለሃ አይገባላቸውም። እዚህ መሳሳት አደጋ አለው፤ አንገቱ የሚከፈትበት ቦታ ካጣ አረሩ ይታነቃል፣ ግፊቱም ከሚፈቀደው በላይ ይወጣል።

አንገቱን ብቻ አርሞ ገላውን መተው ናሱን ያሳርፋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቀለሃ የሚስማማው ለተተኮሰበት ጠመንጃ ብቻ ነው። ከጥቂት ተኩስ በኋላም ገላው ሰፍቶ ጠመንጃውን ማቀባበል ያስቸግራል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ተወዳዳሪዎች ገላውንም በጥቂቱ ይጨምቃሉ፣ ትከሻውንም አንድ ወይም ሁለት ሺህኛ ኢንች ብቻ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ለአደን የሚወጣ ሰውም ጥይቱ ሳያንገራግር እንዲጎርስለት ይህን ቢመርጥ ይበጀዋል።

የደደረን አንገት የሚያድሰው እሳት ነው። አንገቱና ትከሻው ለአፍታ ሲሞቁ ናሱ ይለሰልሳል። ግርጌው ግን ፈጽሞ መጋል የለበትም፤ የለሰለሰ ግርጌ ግፊቱን አይችልም። ተጨምቆ ባልሞቀ ናስ ውስጥ የሚቀር ውጥረት ምን እንደሚያስከትል በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በተግባር አይቶታል፦ በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ የተከማቸ ጥይት ሳይነካ ይሰነጠቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ ጥናት ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ በናሱ ውስጥ ከቀረው ውጥረት ጋር መተባበሩ እንደሆነ አስረዳ። መድኃኒቱ ናሱን አሙቆ ውጥረቱን ማርገብ ነበር። በወታደራዊ ቀለሃ አንገት ላይ ዛሬም የሚታየው ሰማያዊና ቡናማ ጥላ የዚህ ማሞቅ ምልክት ነው። ቀለሃውን የሚያጸዳ ሰውም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ይራቅ።

ለጀማሪ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጥሩ የውፍረት መለኪያ (ካሊፐር) እና የታመነ የመመሪያ መጽሐፍ ነው። ቀለሃው ከመጨመቁ በፊት ይለካ፣ ከተጨመቀ በኋላም ይለካ፤ የሁለቱ ልዩነት ናሱ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ይናገራል። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ሲቆይ ቀለሃው ብዙ ዙር ያገለግላል፣ አረሩም በየጊዜው በእኩል ጭብጥ ይለቀቃል። አንገቱ ላይ ስንጥቅ፣ ከግርጌው ከፍ ብሎም የሚያበራ ቀለበት መሰል መስመር የታየበት ቀለሃ ያለ ማመንታት ይጣል።