አንድ የምርት ስም በየአገሩ ሌላ ምግብ ሲሆን

የአንድ ፋብሪካ ምርት ስም የምግቡ የወል መጠሪያ የሚሆነው በአብዛኛው ምርቱ ገበያውን ቀድሞ ሲይዝ ነው። ገዢው ለአዲሱ ምግብ ሌላ ስም ስለሌለው ማሸጊያው ላይ ያየውን ይይዛል፤ ተፎካካሪ ሲመጣም በዚያው ስም ይጠራል። ስለዚህ አንድ ስም በአንዱ አገር አንድ ምግብ፣ በሌላው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ማጊን የሚያህል ምሳሌ የለም። ስዊዘርላንዳዊው ዩሊየስ ማጊ እ.ኤ.አ. በ1886 ፈሳሽ የሾርባ ማጣፈጫ፣ በ1908 ደግሞ በትንንሽ ኩብ የተጨመቀ ደረቅ መረቅ ለገበያ አቀረበ። ድርጅቱ በ1947 ከኔስሌ ጋር ተዋሃደ። በዚህ ስም ወደየአህጉሩ የሄደው ምርት ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ናይጄሪያና ሴኔጋል ውስጥ ማጊ ማለት ወጥ ውስጥ የሚፈረፈረው ኩብ ነው፤ ጆሎፍ ሩዝ ልትሠራ ገበያ የወረደች ሴት «ማጊ» ብላ የሌላ ፋብሪካ ኩብ ይዛ ብትመለስ የጎደለባት ነገር የለም። ሕንድ ውስጥ በ1980ዎቹ በማጊ ስም የገነነው በደቂቃዎች የሚደርሰው ኑድል ስለነበር፣ ስሙም ለኑድል ሆነ። ማሌዥያም እንደዚያው ነው፤ በየመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ተጠብሶ የሚቀርበው ኑድል «ማጊ ጎሬንግ» ይባላል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ስሙ ከፈሳሹ ማጣፈጫ አልፎ ጓሮ ገብቷል። ሽታው ማጣፈጫውን የሚያስታውስ አንድ ተክል አለ፤ ሰዎቹ «የማጊ ቅጠል» ይሉታል፤ ማጣፈጫው ውስጥ ግን ይህ ተክል የለበትም።

ኑድልን በተመለከተ ናይጄሪያ ሌላ ስም አላት። ኢንዶሚ የተባለው ምርት በ1988 ስለገባ ኑድል ሁሉ ኢንዶሚ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥም እንዲሁ ይባላል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ልጅ ሱቅ ተልኮ የሚጠይቀው ኢንዶሚ ነው፣ ባለሱቁ የሚያነሳለት እሽግ የማንም ይሁን የማን። ኢንዶሚ በተወለደባት ኢንዶኔዥያ ግን ሱፐርሚ የተባለ ምርት በ1968 ቀድሞት ስለነበር ብዙዎች ኑድልን በእሱ ስም ሲጠሩ ኖረዋል።

ልዩነቱ በአንድ አገር ውስጥም ይታያል። ኮካ ኮላ ከተፈጠረባት ከአትላንታ ዙሪያ አንስቶ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች «ኮክ» ማንኛውም ለስላሳ ነው፤ ሰሜን ምሥራቁ «ሶዳ»፣ መካከለኛው ምዕራብ «ፖፕ» ይላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስሙ ከምግቡ ወደ ማሸጊያው የተሻገረበት ድንቅ ጉዳይ አለ፦ ሃይላንድ። የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ቆይቶ የማንኛውም ፋብሪካ የታሸገ ውሃ ሃይላንድ ተባለ፤ በመጨረሻም ባዶው ፕላስቲክ ስሙን ወረሰ። በአውራ ጎዳና ዳር ያሉ ሕፃናት ለሚያልፍ መኪና «ሃይላንድ!» ብለው የሚጮኹት ጠርሙሱን ፈልገው ነው። ዘይት፣ ማር፣ አረቄ በሃይላንድ ይለካል፤ ግማሽ ሃይላንድ ማር ቢባል ሻጩም ገዢውም መጠኑን ያውቃሉ።

ለባለቤቱ ይህ ዝና አደጋም አለው። ሕዝቡ የወል ስም ያደረገውን ቃል ፍርድ ቤት ለአንድ ድርጅት ብቻ ላይፈቅድ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1938 «ሽሬድድ ዊት» የተባለው የስንዴ ቁርስ ስም የምግቡ ራሱ መጠሪያ ነው ብሎ ሲወስን፣ ስሙ የእኔ ብቻ ነው ያለው ናሽናል ቢስኪት ድርጅት ተሸንፎ ተፎካካሪው ኬሎግ በዚያው ስም መሸጡን ቀጠለ።